ቁጥር አራት፣ ያልታየ

ሬሳው የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የፊልም ቡድኑ ከተከራየው ቤት ጓሮ ባለው፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ በተተወ ካባ ውስጥ ነው። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ርቆ ገደል፣ በመካከላቸው ከጉልበት የማያልፍ የሽቦ አጥር። እዚያ ቦታ ላይ ቤት የሠራ ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እሱ ይወቅ።

ሟቹን የፊልም ባልደረቦቹ «ገልባጩ» ነበር የሚሉት። ካሜራው የቀረጸባቸውን ሜሞሪ ካርዶች ተቀብሎ፣ በባትሪ በምትሠራ የእጅ ሣጥን ውስጥ ወዳለው ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል። ኮምፒውተር በሌለበት፣ መብራት በጠፋበት ሁሉ ሣጥኗ ካርዱን ጎርሳ ትቀዳለች። አሁን እሱም ሣጥኗም ከገደሉ ሥር ናቸው።

መርማሪው በመሰላል ወረዱ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ዐይናቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ገልባጩ የገደሉን ግድግዳ ተጠግቶ በጀርባው ወድቋል። ሣጥኗ ግን ከእሱ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ከካባው መሃል ተበትናለች። ቀረጻው የሚቀመጥበት የሃርድ ዲስኩ የመስታወት ሳህን ዱቄት ሆኗል። መርማሪው ርቀቱን ሁለት ጊዜ በእግራቸው ለኩና ወጡ።

ጠረጴዛው ላይ የሣጥኗ ማቀፊያ ቦርሳ ባዶውን፣ የካርዶቹ መያዣና አንድ የተከፈተ ማስታወሻ ደብተር ነበሩ። ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱት።

ዞር ሲሉ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች።

«አባቴ፣ የእናቴ ቃል ያለው እዚያ የተሰበረው ዕቃ ውስጥ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እናትሽ ማን ናቸው፣ ልጄ?»

«ማዶ ያለው ካባ የተናደ ጊዜ ወንድሜ እታች ነበር፤ እዚያው ቀረ። ባለቤቱ ‹እንዲህ የሚባል ሰው እኔ ጋ ሠርቶ አያውቅም› ብሎ ካደ። ምሳውን የምታደርስለት እናቴ ነበረች፤ ያየችውን ሁሉ ሰኞ ለነዚህ የፊልም ሰዎች ካሜራ ፊት ተናገረች። ማክሰኞ ሞተች። በሚቀጥለው ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፣ ሌላ ምስክር የለኝም።»

«አጣራለሁ» አሏት። አገኝልሻለሁ አላሉም።

አዘጋጇ ሳሎን ውስጥ ጥፍሯን ትነክሳለች። ሥራውን የምትመራው እሷ ናት።

«ሌላ ሣጥን የላችሁም?»

«አንድ አለችን፤ ያለፈውን ሳምንት ቀረጻ ይዛ ቢሮ ሄዳለች። ግን ግድ የለም ኢንስፔክተር፣ የሟቿ ሴትዮ ቃል ያለበት ካርድ አለ። ቁጥር አራት ነው። እሱ በዐይኑ ያላየው ካርድ አይደመሰስም።»

«በዐይኑ ማለት?»

«መገልበጥ ብቻውን አይበቃውም ነበር። የገለበጠውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያያል። ‹ያላየሁትን አለ አልልም› ይላል፤ በዚህ ነገር ሲያደርቀን ነው የኖረው። የታየውን ካርድ መያዣው ውስጥ በፊቱ ይደፋዋል፣ ያልታየውን ያንጋልለዋል። ከሰኞ ጀምሮ መብራት ስለሌለ፣ ማየት ባትሪ ይበላል ብሎ ቁጥር አራትን አቆይቶታል።»

«ሣጥኗን በእጁ ይዞ ይዞር ነበር?»

«እሱ? ያለ ቦርሳዋ ከጠረጴዛ አያነሣትም። ስንቀልደው ‹አራስ ልጁ› ነበር የምንላት።» ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ሾፌሩ ከመኪናው ጎን ተገትሮ የደረቀ ጨርቅ ይጨምቃል። መርማሪው የካርዶቹን መያዣ ከፈቱለት። የስምንት ካርድ ቦታ አለው፤ ያሉት ሰባት ናቸው፣ ሁሉም በፊታቸው ተደፍተዋል። የሌለው ቁጥር አራት ነው።

«ይቺን አንተ ነክተሃታል?»

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ አፈር ልብላ፣ ለክፋት አይደለም። ትላንት ከመኪናው ወንበር ወድቃ ካርዶቹ ተበተኑ። ለቃቅሜ መለስኳቸው። እንዲያምር ብዬ ሁሉንም አንድ ዓይነት ደፋኋቸው። ምልክት መሆኑን በምን ልወቅ? ማንም አልነገረኝ!»

«አራት ቁጥርስ?»

«ካሜራው ውስጥ ይሆናላ፤ አንዱ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ካርዱ ካለ ደግሞ የሴትዮዋ ነገር አልጠፋም አይደል?»

መርማሪው መያዣውን ከድነው ወደ ካሜራማኑ ክፍል ሄዱ።

ካሜራማኑ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ካሜራው አጠገቡ ነው። ዐይኑ ደም መስሏል።

«የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው» አለ። «አሥር ዓመት ቤቴ ያደገ፣ ሙያውን ያስያዝኩት እኔ። ለእህቱ ምን ብዬ ልንገራት?»

እንባው እውነተኛ ነበር። ይህን ማንም እንዳይጠራጠር።

«የሞተው ስድስት ሰዓት ግድም ነው፤ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«ከቀረጻ ተመልሼ ተኝቼ። ሣጥኗን ይዞ ሲንጎራደድ ተንሸራቶ ነው እንጂ ማን ይገድለዋል? ይኸው፣ እሱም ሄደ፣ የሴትዮዋም ቃል አብሮት ጠፋ።»

«ቁጥር አራት ካርድን ነክተሃል?»

«ኧረ እኔ! ዛሬ የቀረጽኩት በሰባት ቁጥር ነው፤ አሁንም ካሜራው ውስጥ ነው።»

መርማሪው ሰባት ቁጥርን ከሩብ ሰዓት በፊት መያዣው ውስጥ ተደፍቶ አይተውታል። አመስግነውት ወጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰቧቸው። ጥቁር የለበሰችው ሴት ከዳር ያለ ወንበር ተሰጣት።

«ከሣጥኗ እንጀምር» አሉ። «የወደቀ ሰው በእጁ የያዘው ነገር አጠገቡ ይወድቃል፤ አሥራ ሁለት እርምጃ አይበርም። ሣጥኗ ተወርውራለች። ቦርሳዋ እዚህ ቀርቶ፣ እርቃኗን። ሟቹ እንዲህ አያነሣትም ብላችሁኛል። ስለዚህ እዚህ ሌላ ሰው ነበር።»

«የካባው ባለቤት!» አለ ሾፌሩ። «ቃሉን ለማጥፋት!»

«እሱማ ዛሬ ደስ ብሎት ያድራል። ግን ቃሉን ሊያጠፋ የመጣ ሰው ሣጥን ሰብሮ ሰባት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አይሄድም። ወርዋሪው ካርዶቹ ውስጥ ቃሉ እንደሌለ ያውቅ ነበር።»

አዘጋጇ ቀና አለች። «እንዴት የለም? ቁጥር አራት...»

«አየሽ፣ አንቺ ሣጥኗ ተሰበረች ስትባዪ ‹ካርዱ አለ› አልሽኝ። ሾፌሩም እንደዚያው። አንድ ሰው ብቻ የሴትዮዋ ቃል ጠፋ ብሎ አለቀሰ።» ወደ ካሜራማኑ ዞሩ። «ካርዱን ካልነካኸው፣ መጥፋቱን ማን ነገረህ?»

ካሜራማኑ እቅፉ ውስጥ ያለውን ካሜራ ጠበቅ አደረገ።

«ካሜራውን ክፈቺው፣ እስቲ» አሉ ለአዘጋጇ።

የወጣው ካርድ ቁጥር አራት ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ፣ የድንጋይ ክምር፣ ድንጋይ የጫነ መኪና፤ ሁሉም የዛሬ ጠዋት። ካርዱ ጢም ብሏል፤ ከሥሩ ከሰኞው ቀረጻ ተቆፍሮ የሚወጣ አንድም ነገር አልቀረም።

«ተደፍቶ ነው ያገኘሁት!» ጮኸ ካሜራማኑ። «ቀረጻ ቦታ ባዶ ካርድ አለቀብኝ፣ ተደፍቶ ሳየው የታየ መስሎኝ ፎርማት አድርጌ ደመሰስኩት! ሳስረክበው ቁጥሩን አይቶ ክው አለ። ‹ገልብጠኸዋል?› አልኩት። ‹አላየሁትም፣ ጋሼ› አለኝ። ‹ገልብጠኸዋል ወይ ነው የምልህ!› ‹ያላየሁትን አለ አልልም። ለአዘጋጇ ልነግራት ነው› አለ። ሃያ ዓመት የሠራሁት ስም በአንድ ካርድ ሊጠፋ! ሣጥኗ ተበላሸች በል ብዬ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እምቢ አለ። ገፈተርኩት። አጥሩ... አጥሩን ረሳሁት።»

«ከዚያ ካርዱን ካሜራው ውስጥ መለስክ።»

«አዎ።»

«ሣጥኗንስ?»

«ቃሉ የለባትም ብዬ... አብራው ከተሰበረች ማን ይጠይቃል ብዬ ወረወርኳት።»

መርማሪው ደብተሩን ከኪሳቸው አወጡ።

«ይህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከእጅህ አንድ ስንዝር ርቆ ተከፍቶ ነበር። ሰኞ የጻፈው ነው። ቁጥር አራት። ካርዱ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ፋይል። ሣጥኗ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ፋይል። ‹የታየ› የሚለው ብቻ ባዶ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ገልብጦታል። ሙሉውን። ስላላየው ብቻ ነው አለ ያላለህ። የሴትዮዋ ቃል የወረወርካት ሣጥን ውስጥ ነበር።»

ካሜራማኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እሱ እንዲያምር ብሎ ነበር። ፖሊሶቹ ካሜራማኑን ሲያነሡት አልታገለም።

ሰው ሁሉ ሲበታተን ጥቁር የለበሰችው ሴት ከወንበሯ አልተነሣችም።

«የእናቴ የትኛው መስመር ነው?» አለች።

አሳዩዋት። ጣቷን ሠላሳ አንድ የሚለው ላይ አሳረፈች።

«ይቺን ገጽ ፍርድ ቤት ይቀበለኛል?»

ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ነገር መልስ ሲያገኙ የዋሉት መርማሪ፣ ለዚህም መልሱን ያውቁታል። ባያውቁት በወደዱ።

«አይቀበልሽም፣ ልጄ። ቁጥር እንጂ ቃሏን አልያዘም።»

«እንግዲያው ወንድሜ እዚያ አልሠራም ማለት ነው» አለች። ደብተሩን ከድና መለሰችላቸው።