ከኋላ የሚመጡት

«ቀላል መንገድ ነው» የሚባለው ለማን ነው? እስቲ ንገሩኝ። በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና አንድ ቤተሰብ ከነወዳጆቹ የሐይቁን ዳር ይዞ ይጓዛል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ሕፃን እንኳ ይዘልቀዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ እጁን እያወዛወዘ ፊት ፊት ለሚሄድ ቀላል ነው።

የቤቱ ልጅ ልብስ ሰፊዋ ግን እናቷን ደግፋ፣ የመድኃኒቱን ቦርሳ አንግታ ከኋላ ነው የምትመጣው። ሳምንቱን ስፌት መኪና ላይ ጎብጣ ሰንብታለች። እናቷን የምታጥብ እሷ፣ የምታለብስ እሷ፣ ሲያስላቸው የምትነሣ እሷ። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «እማዬን አደራ» የሚል እሱ። አደራ ማለት ሥራ ከሆነ፣ በእርግጥም ደክሟል።

ይህ ወንድም የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ኃላፊ ነው። የትኛው ሹፌር በየትኛው መስመር እንደሚነዳ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቤቱንም እንደዚያው ሊመራ ይፈልጋል።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከኋላ የሚቀር አንድ ሰው አለ፤ ወንድሟ የሚያሰማራው ሹፌር። መጀመሪያ በዚሁ ጉዞ ላይ የተገናኙ ዕለት «ለምን ከፊት አትሄድም?» ብትለው፣ «የመጨረሻው ተሳፋሪ ሳይገባ በር ዘግቼ አላውቅም» አላት። ከዚያ ወዲህ የእናቷን ሌላኛውን ክንድ የሚይዝ እሱ ነው። እናትየው በመሃላቸው ስላሉ፣ አብዛኛውን የሚነጋገሩት በዐይን ነው።

ዛሬ ግን ሹፌሩ ዐይኑን መሬቱን ከሸፈነው ውርጭ ላይ አላነሣም።

«እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ልረፍ» አሉ እናትየው። «እናንተ ተጫወቱ። ጆሮዬ እንደሁ ደክሟል።»

«ምን ዘጋህ?» አለችው ጥቂት ራቅ ብለው ሲቆሙ።

«ሰኞ የሩቁን መስመር እጀምራለሁ። ኑሮዬም እዚያው ይሆናል። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት።»

«ለምን?»

«እንቢ ካልሽኝ ወዲያ እዚህ ምን አለኝ?»

«መቼ ነው እንቢ ያልኩህ?»

ሐይቁ ላይ ጉሙ ተኝቷል። ሹፌሩ ፊቱን ወደዚያ አዞረ።

«ወንድምሽን ጠይቄው ነበር። ‹እናቷን ትታ አታገባም፤ አታስቸግራት› አለኝ። ካንቺ የመጣ ቃል መሰለኝ።»

ሹፌሩ ፈረቃውንም፣ ፈቃዱንም፣ መንገዱንም የሚጠይቀው ስምሪት ክፍሉን ነው። ከልማዱ ብዛት ልቡንም ይዞ እዚያው መስኮት ቆመ።

«እኔ መስመር ነኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሜ ለወደደው የሚሰጠኝ፣ ላልወደደው የሚከለክለኝ?»

«ተሳሳትኩ።»

«እሱ ዋሸ። አንተ ግን ስንት ጊዜ ከኋላ አብረኸኝ ሄደህ፣ ለጥያቄህ ወደ ፊት ሮጥክ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ድካሟ ቀደመው።

«ልጄ» አሉ እናትየው ከድንጋዩ ላይ። «በእኔ ስም የተባለውን እኔ አላልኩም።»

ጆሯቸው ደህና ነበር።

ከፊት የሄዱት ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ እሳት ከበው ዳቦ ይቆርሳሉ። «የኋላ ጎማዎች ደረሳችሁ?» አለ ወንድምየው። ሁሉም ሳቁ።

እናቷን አጠገቡ አስቀመጠች። የመድኃኒቱን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ለዚህ ሰው አታገባም ብለህ መልሰህለታል። እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

ሳቁ ቆመ። «ቤት ገብተን ብንነጋገር ይሻላል» አለ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በጓዳ የተነገረብኝ ይበቃል።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አንተም እሱን የጠየቅከውን አሁን እኔን ጠይቀኝ። ሰው እየሰማ።»

ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ፌርማታ ሲደርስ በሚጣራበት ድምፅ፣ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

«አገባሃለሁ። ሰኞ ግን የትም አትሄድም።»

እጁን ያዘችው። እጇ ከብርዱ የተነሣ ደንዝዞ ነበር፤ ግን አለቀቀችውም። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

«እኔ መልሴን ሰጠሁ። እማዬን ከእንግዲህ በየተራ ነው የምንይዛት። ያንተ ተራ መቼ ይጀምራል? እሳቱን አትቆስቁስ፣ እኔን እያየህ መልስ። ሁሉም ይስማህ።»