በአዛን የሚዘጋ ጨረታ

«በጨረታ መጨረሻ ላይ ኢዲልን የሚቀድም ጣት በድሬዳዋ አልተፈጠረም፤ ከተፈጠረም ገና ጡት አልጣለም!»

ኢዲል ይህን ያለችው ቅዳሜ ማታ የመግሪብ አዛን ሳያልቅ ነው። ያለችውም ለመስታወቷ ነው፤ ሌላ ሰው አጠገቧ አልነበረም። የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ነው፣ ምላሷ ግን አርባ ያለፈው ይመስላል። ያን ማታ ያሸነፈችው አንድ የድሮ የባቡር ፋኖስ ነበር፤ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ መስታወት ያለው።

ጨረታው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። የከፈተው ቀፊራ ገበያ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ኢስማዒል ነው። የአሮጌ ዕቃ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሰው ዋጋ ይጥላል፤ ቅዳሜ ጀንበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲጀምር ኢስማዒል «ተዘጋ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያች ቃል በፊት መጨረሻ የጨመረ ሰው ዕቃውን ይወስዳል። ሌላው ተጫራች ቀኑን ሙሉ ሲጨምር ይውላል፤ ኢዲል ግን ድምፅዋን አታሰማም። ቤታቸው ከመስጊዱ ጋር አጥር ይጋራል። ሙአዚኑ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማይክሮፎኑ ቅጭጭ ይላል። በቅጭጭታውና በአዛኑ መካከል አንዲት ትንፋሽ አለች። ኢዲል የምትጫረተው በዚያች ትንፋሽ ነው። ስሟንም ደብቃ «ጥላ» ተብላ ነው የገባችው።

ደስታዋ እስከ ኢሻ ሶላት እንኳ አልቆየም። ከጎረቤት ግቢ የእትዬ የኔነሽ ጩኸት ተሰማ። ጡረታ የወጡት የባቡር መካኒክ አው ሙመድ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ስልካቸው ደረታቸው ላይ ነበር። የመጨረሻው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ተዘጋ። አሸናፊ ጥላ።»

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ አድሯል።

«ያቺ ፋኖስ ናት የገደለቻቸው። አፋቸው ላይ ስትደርስ ነጠቋቸው፣ ልባቸው ቀጥ አለ።»

ኢዲል ይህን ስትሰማ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው። አው ሙመድን ጨረታ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። «አትቸኩሉ፣ እስከ አዛኑ ጠብቁ» ያለቻቸውም እሷ ናት፤ ስለ ቅጭጭታው ግን አልነገረቻቸውም። ፋኖሱን ሲያዩ የልጅ ፈገግታ ፈገግ ብለው «ኢዲልዬ፣ ይቺን ግቢዬ ያለው የኒም ዛፍ ላይ እሰቅላትና ባቡር ይመጣል እያልኩ እቀመጣለሁ» ብለዋት ነበር። አብራ ስቃ፣ ቤቷ ገብታ፣ ፋኖሱን ለሆቴል ለመሸጥ አሰበች።

ቀብሩ ግን በሰዓቱ አልሆነም። ሬሳውን የሚያጥቡት ሰዎች በከንፈራቸው ውስጠኛ በኩል ቁስል አይተው እጃቸውን ሰበሰቡና ፖሊስ ጠሩ። ሰፈሩ ለዚህም መልስ አላጣም፤ «በንዴት ከንፈራቸውን ነክሰው ነው» ተባለ። ኢዲል ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች፤ ያውም በድሬ ሙቀት።

የመጣችው ኢንስፔክተር እፀገነት ነበረች። አጭር ናት፣ ሰው ሲያወራ ዐይኗን ትጨፍናለች። የማያውቃት ተኝታለች ብሎ ይናቃታል። የሟቹን ስልክ የሚያውቅ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ሁሉም ወደ ኢዲል ቤት ጠቆመ። ኢዲልም ተጠርታ መጥታ የአው ሙመድ በረንዳ ጥግ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተጠየቁት በሠራተኛ ቤቱ የሚኖሩትና ለአው ሙመድ ምግብ የሚያበስሉት እትዬ የኔነሽ ናቸው።

«ምሳ ሰጥቻቸው ጋደም አልኩ» አሉ ዐይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «በዚያ ሰዓት እኮ ድሬ ውስጥ ውሻ እንኳ አይጮህም። ስነሣ ድምፃቸው የለም፤ ተኝተዋል ብዬ ማኅበሬ ሄድኩ። ስመለስ ራት ይዤ ገባሁ፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው፤ ማራገቢያው ፋን ይዞራል፣ እሳቸው ግን…»

«ምንጣፋቸውስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የቱ ምንጣፍ?»

«ጎረቤት እንደነገረኝ፣ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ኒሙ ሥር የሚያነጥፉት።»

እትዬ የኔነሽ በእጃቸው ጠቆሙ። «እንደተጠቀለለ ግድግዳው ሥር ነው።»

ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ ዛኪር መጣ። ቤቱ ይሸጥ፣ አይሸጥ በሚል ዓርብ ዕለት ከአጎቱ ጋር ተጯጩኸዋል፤ ይህንን የሰማው ሰፈሩ ሁሉ ነው።

«አቦ፣ ከአጎቱ ጋር የማይጮህ ማነው?» አለ ዛኪር። «ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ጀልዴሳ ሄጃለሁ፣ ግመል ልናይ። የሄድንበት ኔትወርክ የለም። የመጣሁት ሰው ልከው ሞታቸውን ሲነግሩኝ ነው፤ ወላሂ፣ ሳልታረቃቸው።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ኢስማዒል ሲገባ ግን ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉም የተተኮሰ ነበር።

«አላህ ይማራቸው። እኔ ከዐስር እስከ መግሪብ ሱቄ በር ላይ ከሰዎች ጋር ጫት ስቅም ነበር። እሳቸውም እስከ አዛኑ ሲጫረቱ ነበር፣ ግሩፑ ሁሉ አይቷል።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ዐይኗን ገለጠች። «የት ነበርክ አልኩህ እንዴ?»

«አይ… ይጠቅምሽ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ጥሩ ነው። ስልክ መጠገን ሥራህ ነው። የሳቸውን ጠግነህላቸው ታውቃለህ?»

«በዚህ ሳምንት ድምፅ ማጉያውን አይቼላቸዋለሁ። በነፃ ነው።»

ሲወጣ ኢዲል መቀመጥ አቃታት። ሳትጠራ ሄዳ ኢንስፔክተሯ ፊት ቆመች።

«ጥላ እኔ ነኝ» አለች። «አው ሙመድን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገሽ ገደልሻቸው?»

ኢዲል ቅጭጭታውን፣ ትንፋሿን፣ ሆቴሉን ሁሉ እያለቀሰች ተናዘዘች። «ከዐስር በፊት መብራት ሄዶ ስልኬ ሊዘጋ ነበር። ምናለ በተዘጋ! ባትሪውን ለመጨረሻዋ ደቂቃ ቆጥቤ ያዝኩ። እሳቸው ሲጨምሩ አያለሁ፤ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ቀን በድምፅ መልእክት ነው የሚጫረቱት፤ ያን ቀን ‹ድምፄ ተዘግቷል፣ ዛሬ በጽሑፍ ነው› አሉ። ታመው እንኳ እየተጫረቱ ነጠቅኳቸው።»

«መብራቱ መቼ ተመለሰ?»

«ከአዛኑ በኋላ። መስጊዱ ጄኔሬተር አለው፣ እኛ ግን በላብ ነበር የምንዋኘው። ምን ያደርግልሻል ይሄ?»

«ሌላስ? ስለ ጨረታው የነገሩሽ ነገር የለም?»

ኢዲል አፍንጫዋን ጠረገች። «‹ባለሀብቱ› የሚባል ተጫራች አለ። ሁሌ ዋጋ ይሰቅላል፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል፤ አንድ ቀን ዕቃ ወስዶ አያውቅም። አው ሙመድ ዓርብ ዕለት ‹ይሄ ሰው ሰው አይደለም። ለስሙ ባለቤት ለብቻው እነግረዋለሁ፤ ካልተመለሰ ቅዳሜ በድምፄ ለሁሉም እናገራለሁ› አሉኝ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ልቤ ፋኖሱ ላይ ነበር።»

ኢንስፔክተር እፀገነት የሟቹን ስልክ ሰጠቻት። «እዚህ ላይ ‹ድምፄ ተዘግቷል› ብለሽ ጻፊልኝ።»

ኢዲል ጣቷን ሰነዘረች፤ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። የመጻፊያ ሰሌዳውን ነካካችና ስልኩን መልሳ ሰጠቻት።

«አሁን ሂጂ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያየሽውንም ዋጪው።»

ሰኞ ከዐስር በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቃል ሲደርስ ሁሉም ኒሙ ሥር ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ የአው ሙመድን ምንጣፍ በገዛ እጇ ዘርግታ ዳር ላይ ተቀመጠች።

«አው ሙመድ በልባቸው አልሞቱም» አለች። «በትራስ ታፍነው ነው። የከንፈራቸው ቁስል ከዚያ የመጣ ነው።»

እትዬ የኔነሽ ደረታቸውን መቱ። ዛኪር ብድግ አለ፤ አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«መቼ ነው የሞቱት? ግሩፑን ካመንን እስከ መግሪብ በሕይወት ነበሩ። እስቲ ቤቱን እንጠይቀው። መብራት ከዐስር በፊት ሄደ፣ ከአዛኑ በኋላ መጣ። በዚያ መሀል ፋን የለም። ሰውየው የተገኙት በሩና መስኮቱ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ በየቀኑ የሚያነጥፉት ምንጣፍ ደግሞ እንደተጠቀለለ ነው። ድሬ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በተዘጋ ክፍል የሚቀመጥ ማነው?»

«ሙት ብቻ» አሉ እትዬ የኔነሽ ቀስ ብለው።

«ሙት ብቻ። ስለዚህ የሞቱት በቀትር እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ በተኛበት። እንግዲያው ከዐስር በኋላ በስማቸው የተጫረተው ማነው?»

ኢንስፔክተሯ በየተራ አየቻቸው።

«ዛኪር ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነበር፤ አብረውት የሄዱትን ጠይቄያለሁ። እትዬ የኔነሽ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም አይገባውም። ኢዲል ደግሞ በሌላ ስም እሷው ራሷ ልትነጥቅ እየጠበቀች ነበር።» ወደ ኢስማዒል ዞረች። «ኢስማዒል፣ አው ሙመድ በጽሑፍ ሲጫረቱ አልገረመህም?»

«ለምን ይገርመኛል?» አለ ኢስማዒል። «ግሩፑ ላይ በድምፅ ይሁን እንጂ መጻፍ ያውቃሉ። ለብቻዬ ሁሌ በአማርኛ ይጽፉልኛል።»

ዛኪር አንገቱን አዞረ። እትዬ የኔነሽም ዞሩ።

«አው ሙመድ?» አለ ዛኪር። «ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ አጎቴ እኮ የአማርኛ ፊደል አያውቁም! የመብራት ሂሳቡን መልእክት የማነብላቸው እኔ ነኝ።»

«እሱ ባይኖር እኔ፣ እኔ ባልኖር እትዬ የኔነሽ ናቸው» አለች ኢዲል። «አማርኛ እንደ ውኃ ይናገራሉ፣ ኦሮምኛውንም፣ ሶማልኛውንም፤ ማንበብ ግን ቁርኣን ቤት የተማሩትን የዐረብኛ ፊደል ብቻ ነው። ‹ፊደላችሁ ጉንዳን ይመስለኛል› ስላሉኝ የአማርኛውን መጻፊያ ከስልካቸው ላይ አጥፍቼላቸዋለሁ። በዚያ ስልክ ከዐረብኛ በቀር አንዲት ፊደል አይጻፍም።»

«እዚህ ከተማ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ሁሉም ሰው ሁሉንም ይናገራል፤ ስለዚህ ማን ምን እንደሚያነብ የሚጠይቅ የለም። ቤተኛ የሆነ ግን ያውቃል። ገዳዩ ቤተኛ አይደለም። ስልካቸውን ለጥገና ተቀብሎ፣ የመጣውን የመግቢያ ቁጥር አይቶ፣ አካውንታቸውን በራሱ ስልክ ላይ የከፈተ ሰው ነው። ‹ባለሀብቱ› የሚባለውን የውሸት ተጫራች ፈጥሮ ዋጋ ሲያስወድድ ኖሯል፤ እሳቸው ደርሰውበት፣ እንደ ሽማግሌ ለብቻው መከሩት። እሱ በቀትር ገብቶ አፋቸውን ዘጋ። ከዚያ ሰው መሀል ተቀምጦ እስከ አዛኑ አጫረታቸው። ጨረታ መሪ ስልክ ቢነካካ ማን ይጠረጥረዋል?»

የኢስማዒል እጅ ሳያስበው ወደ ግራ ኪሱ ሄደ።

«ስልክህን አውጣ ገና አላልኩህም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን ግን አውጣው።»

ኢስማዒል ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «ለመንኳቸው» አለ ማንንም ሳያይ። «በሰው ፊት አታዋርዱኝ ብዬ ለመንኳቸው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኢዲል ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አልገደለቻቸውም። እሷ ስትጠብቅ እሳቸው ቀድመው ሄደዋል። ምላሷም እንደ ልማዱ ተፈታ።

«ኢንስፔክተር፣ አየሽ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔ እኮ ነፍሰ ገዳይን ነው በጨረታ ያሸነፍኩት!»

«እሱ መቼ ማሸነፍ ፈለገ?» አለች ኢንስፔክተር እፀገነት ጫማዋን እየፈለገች።

«ቢሆንም! አው ሙመድን አልነጠቅኩም። የነጠቅኩት እሱን ነው።»

እትዬ የኔነሽ ምንጣፉን እየጠቀለሉ ነበር። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ስትነጥቂ ግን የምትነጥቂው አው ሙመድን መስሎሽ ነበር።»