እስከ ጭረቱ የሞላው ዘይት

የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት በአሮጌው ቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። የማሽኑ መቆሚያ ማዕዘን ጭንቅላቱን ከኋላ ፈልጦታል። ዙሪያውን ዘይት ፈሷል።

«አዳልጦት ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ፣ መርማሪዋ ገና ከደጁ ሳትገባ። «ዘይት ሊቀይር ሲታገል ነበር። አዳልጦት ነው።»

መርማሪዋ ሳትጠይቅ ሁለቴ የተነገራትን ነገር ቶሎ የምትውጥ ሴት አልነበረችም። ቁጢጥ አለችና የሟቹን ጫማዎች አየች፤ ሶላቸው ደረቅ ነው። መዳፎቹን ገለበጠች። ከማሽኑ የተቀዳው አሮጌ ዘይት እስከ አንጓው አጥቁሯቸዋል። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ግን እንደ ማር የጠራ፣ አዲስ ዘይት ነው። የአዲሱ ዘይት ቆርቆሮ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ አንድም ጥቁር ጣት አላረፈበትም።

ሦስት ሰዎችን በየተራ አነጋገረች። ወንድምየው ቶርኖው ለቁርጥራጭ ብረት እንዲሸጥ ወንድሙን ሲወተውት እንደከረመ አልደበቀም። ያን ሰዓት ግን ከፊት ለፊት ደንበኛ አጠገቡ ቆሞ በር ሲበይድ ነበር፤ ደንበኛውም መሰከረለት። ሚስትየው ምሳ ይዛ ስትመጣ ወድቆ እንዳገኘችው ተናገረች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ቤቱ የአባቷ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች ይኸው ቶርኖ እጁን ጎትቶ ገደለው። የአባቷ ሠራተኛ የነበረው ይኸው ሟች ቤቱንም እሷንም ወረሰ።

ሦስተኛው ዕቃ ሊገዙ ወጥተው የተመለሱት፣ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ እዚያ የሚሠሩት ሽማግሌ የቶርኖ ሠራተኛ ናቸው። መርማሪዋ የዘይቱን ማያ መስታወት አሳየቻቸው። ዘይቱ የመሙያውን ልክ ከሚያሳየው ጭረት እኩል ደርሷል።

«ማነው እንዲህ የሞላው?» አሉ ሽማግሌው። «ማሸጊያ ጎማው ካረጀ ወዲህ ከግማሽ አናሳልፍም፤ ያንጠባጥባል።»

እውነትም ከሥሩ እያንጠባጠበ ወለሉን አርሷል።

መርማሪዋ ሁሉንም ቶርኖው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አላዳለጠውም» አለች። «ቢያዳልጠው ሶሉ ዘይት በነካ። ዘይቱ ከሞተ በኋላ የፈሰሰ ነው። ቶርኖውንም የሞላው እሱ አይደለም፤ በዚያ እጁ ቆርቆሮውን ቢያነሳ ባጠቆረው ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ሰው ገድሎ ሲያበቃ ቆሞ ማሽን ሞልቷል። ለምን? ለቁርጥራጭ እንዲሸጥ የሚፈልግ ሰው ይህን አያደርግም። ሽማግሌውም ቢሆኑ ከግማሽ አያሳልፉም። የሞላው ሰው ቶርኖውን ድሮ ያውቀዋል፣ የዛሬ ሕመሙን ግን አያውቅም። ቶርኖውንም ይወደዋል።»

ከዚያ ወደ ሚስትየው ዞረች። «አባትዎ እስከ ጭረቱ ነበር የሚሞሉት?»

ሴትየዋ እጇን ቶርኖው ላይ አሳረፈች።

«እሱ ሲሞላ ቆርቆሮውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ» አለች። «ዛሬ ምሳውን ሳስቀምጥ ዘይቱን ቀድቶ ጨርሶ ነበር። ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ጠየቅኩት። አሠማምሬ ልሸጠው ነው አለኝ። የአባቴን አትሽጥብኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ‹አባትሽን የበላ ብረት ምን ያደርግልሻል?› አለኝ። ‹ደግሞ ብቻውን አልበላውም። ማስነሻውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።› ይህን ሁሉ ዘመን አልጋ ተጋርቼዋለሁ። ገፋሁት። ዓይኑን ሲገልጥ ጭንቅላቱን ይዤ ደገምኩት። እሱ እንደ ውሻ ይሙት፤ የአባቴ ቶርኖ ግን ባዶውን አይቆምም።»

ወንድምየው ሊዘልባት ቃጣው፤ ከመርማሪዋ ጋር ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ያዘው። መርማሪዋ ይቆጫት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የቆጨኝ ቶሎ መምጣትሽ ነው። ባሌ ማስነሻውን ሲጫን ያየ ሰው አለ ብሎኝ ነበር።» ዓይኗ ሽማግሌው ላይ አረፈ። «ተረኛው እሱ ነበር።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። መርማሪዋ አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አይቻለሁ። የአባቷ እጅ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ እያየ ነው የተጫነው። ቤቱ በእጁ ገብቷል፣ ብናገር ከሥራ ያባርረኛል፤ ልጆች ነበሩኝ። ዝም አልኩ።»

«እኔስ ጋሼ» አለች ሴትየዋ፣ «የማን ልጅ ነበርኩ?»

መልስ አልጠበቀችም። ማንም ሳይነካት ፖሊሶቹን ቀድማ ወደ ደጁ ወጣች።