«ጠፍቷል» ያለው ሰው

ተመራማሪው እርጥብ አፈር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ እጁ አፈሩ ውስጥ የተተከለውን የብረት ዘንግ እንደጨበጠ ነበር። አባቱ ያወረሰውን ማሳ አረም ማጥፊያ መርዝ በክሎት በኤሌክትሪክ ሲያጸዳ የከረመ ሰው ነው። በዘንጎቹ መካከል የሚያልፈው ኃይል መርዙን እየጎተተ አንድ ዳር ላይ ይሰበስበዋል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የሟች ሚስት፣ ታላቅ ወንድሙና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጋዘን ውስጥ ተፋጠው ቆመዋል። የሚያለቅስ የለም፤ ሁሉም ይወነጃጀላል። ወንድምየው ሠራተኛው ኃይሉን ሳያጠፋ ሄደ አለ። ሠራተኛው ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ኃይል ሲኖር የምትበራ ቀይ መብራት ያለችበትን የመጋዘኑን ማብሪያ ለወንድምየው አደራ እንዳለ ቢምልም የሰማው አልነበረም። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶለታል።

መርፌ ማሳው ዳር ለሙከራ የተዘራው ባቄላ መጠውለጉን አይታ ስለሱ ጠየቀች። ሚስትየዋ ወንድምየው ጠዋት ባቄላውን እያሳየ «መርዙ መቼም አይጠፋም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ብሎ እንደሳቀባቸው ነገረቻት። እሱም አልካደም፤ እንዲያውም ኮራ አለ።

«ወንድምዎ ዘንጉን ከመንካቱ በፊት ምን አለዎት?» አለችው መርፌ ሁሉም ባሉበት።

«‹ጠፍቷል?› አለኝ። የመርዙን ነገር መስሎኝ ‹ጠፍቷል› አልኩት። እኔ የኤሌክትሪክ ነገር ምን አውቅልሻለሁ?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ጠዋት መርዙ አልጠፋም ሲሉ ነበር። የጠየቀዎት ስለ መርዙ ቢመስልዎት ኖሮ ‹አልጠፋም› ይሉት ነበር፤ ያውም እየሳቁ። ስለዚህ የመለሱት ስለ ኃይሉ ነው። ቀይዋ መብራት ደግሞ ፊትዎ ትበራ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከሠራተኛው ወደ ወንድምየው ዞረ። ወንድምየው ሠራተኛውን ሊሰድብ ጀምሮ ተወው።

«አባቴ እኔን ዘሎ ለእሱ አወረሰ። አዎ፣ መርዙን የረጨሁት እኔ ነኝ። ተሰብስቦ ሲመረመር ከኔ ቤት መውጣቱ ይታወቅ ነበር።»

እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው የኖረችው ሚስትየዋ ቀረበችው።

«አንተ፣ እሱ እኮ ማን እንደረጨው ገና ድሮ ያውቃል። ሰው ሳይሰማብህ አጽድቶ ሊጨርስልህ ነበር የሚለፋው።»

ወንድምየው እጆቹን ለፖሊሱ እንደዘረጋ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።