ሳትገዛ የምትቀመጥ ደንበኛ

ሶፋ ሰሪው መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ መራጭ ደንበኛ መስላው ነበር። መራጭ ደንበኛ እንደሆነ ሞልቷል፤ ባለ ሦስቱ ላይ ተቀምጣ፣ ባለ ሁለቱን ሞክራ፣ ጨርቁን በጣቷ ፈትጋ፣ ስፖንጁን በቡጢ ደልቃ፣ «ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ እመለሳለሁ» ብላ በዚያው የምትቀር። ይቺኛዋ ግን ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ወደ ቤቷ የሚያደርሰውን ዳገት እስከ ግማሽ ትወጣና ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ገባ ትላለች። እጇ ጠመኔ እንደ ሆነ፣ ደብተር የታጨቀበትን ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ታስቀምጥና ያገኘችው ሶፋ ላይ ትቀመጣለች።

«ይሄኛው ስንት ነው?»

«ትናንት የነገርኩዎት ነው።»

«አልቀነሰም?»

«በአንድ ሌሊት? ሶፋ እኮ ነው፣ ቲማቲም አይደለም።»

ትስቃለች። ሞላ ያለች፣ ፊቷ የሚያበራ፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጉድ መምህርት ናት። ሳቋ ግን ቶሎ ያልቅባታል፤ ከዚያ መንገዱን ታያለች። እሱም ሥራውን የሚሠራ መስሎ እሷን ያያል።

አንድ ቀን ባለ ሦስቱ ሶፋ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። የኤሌክትሪክ መጋዙን አጠፋ። መዶሻውንም አስቀመጠ። አንድ ደንበኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ወሰደውና እግረኛ መንገዱ ላይ በሹክሹክታ ተከራከሩ። በሹክሹክታ ተከራክሮ ማን ያተርፋል? ሶፋው ሰውየው በጠራው ዋጋ ሄደ።

«ዋጋውን እያሰብኩ ነበር» አለች ደንግጣ ስትነቃ።

«ሲያስቡ ያንኮራፋሉ እንዴ?»

«እኔ? እኔ አላንኮራፋም!»

«እሺ፣ ሶፋው ነው ያንኮራፋው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎ መባባሉ ቀረ። መግዛት እንደማትፈልግ ነገረችው፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ስለማትችል ነበር የምትገባው። እሱ ደግሞ ይህን ሲሰማ ከመከፋት ይልቅ ደስ አለው፤ ሶፋ የምትፈልግ ሴት አንድ ቀን ገዝታ ትሄዳለች፣ ዳገቱ ግን የትም አይሄድም።

የሰፈሩ ሰው ሶፋ ሰሪውን አይቸግሬ ይለዋል። የተነቀለ የቁም ሳጥን በር፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ የሚንጫጫ አልጋ፣ ምንም ይምጣለት፣ ገና ሳያየው «ይሄማ ምን ይቸግራል!» ይላል። ደግሞም አይቸግረውም፤ ይጠግነዋል።

አይቸግሬ እናቱን ለማስተዋወቅ መምህርቷን ምሳ ጋበዛት። እናትየው በወጣትነቷ የሆቴል አንሶላ አጣቢ የነበረች፣ አሁንም ቆማ በልታ ቆማ የምትጠጣ፣ ወንበር ለእንግዳ እንጂ ለእሷ የተሠራ የማይመስላት ሴት ናት። እንግዳዋ ትንሽ በላች። ሲበቃት ሳህን ልታነሳ ብድግ አለችና ጠረጴዛውን ያዝ አድርጋ ተመልሳ ቁጭ አለች። እናትየው ሳህኖቹን ከወትሮው ይበልጥ እያንኳኳች አጠበች።

«ገና ሳትገባ የተቀመጠች፣ ከገባች በኋላ ልትተኛ ነው?» አለችው እንግዳዋ እንደ ወጣች።

«ደክሟት ነው፣ እማዬ።»

«ምን ሠርታ? እኔ አንተን በሆዴ ይዤ አንሶላ ሳጥብ ማን ደከመሽ አለኝ?»

በማግስቱ መምህርቷ ስትመጣ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ።

«የደበቅሽኝ ነገር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ያልደበቀውስ መቼ አገኘ?» አለች። ጣቷ ላይ የቀረውን ጠመኔ ስትፈትግ ቆይታ ቀና አለች። «ጉበቴ ላይ ስብ ተከማችቷል።»

«ትጠጫለሽ እንዴ?»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ሊመልሰው ወደደ። የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

«አንተም?» አለችው። «ያሳደገኝ አጎቴም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ማልኩለት። በማግስቱ አልጋዬ ሥር ተንበርክኮ ጠርሙስ ሲፈልግ ያዝኩት። እኔ እኮ የቢራ ሽታው እንኳን ያጥወለውለኛል! ለካ ሳይጠጡም ይመጣል።»

«ታዲያ መድኃኒቱ?»

«ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ጣፋጭ ተይ፣ በቀጠሮሽ እየመጣሽ ታዪ አለኝ። ለድካሙስ ስለው፣ ለእሱ የምሰጥሽ ክኒን የለኝም አለ። ጠዋት የምነሳው ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም እንዳደርኩ ሆኜ ነው። እዚህ ጋ» አለች የቀኝ ጎኗን ነካ አድርጋ፣ «የማይለቅ ሕመም አለ። የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። ሰው ግን ሲያየኝ ጤና የሞላኝ ነኝ። እጄ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አውቶቡስ ላይ ወንበር የሚለቅልኝ አላጣም ነበር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የሚሰማት ሰው አግኝታ አታውቅም ነበር። አይቸግሬ እጇን ያዘ። እዚያ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት!

«ይሄማ ምን ይቸግራል!» አላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ተገኘ፤ አዲስ የስፖርት ጫማ ይዞላታል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ያስኬዳታል። ቀን ላይ ደውሎ «ምን በላሽ?» ይላል። ማታ ደውሎ «ስንት ተራመድሽ?» ይላል። ሰፈሩም ምክር አይነፍግምና እሱ ከአንዱ ቅጠል፣ ከሌላው ሥር አሰባስቦ መራራ ነገር አጠጣት፤ ሁለት ቀን ስታስመልስ ሰነበተች። ሐኪሙ ሲሰማ «ጉበቷን ልትጨርሰው ነው?» ብሎ ጮኸበት። ደግነቱ ጉዳት አላደረሰባትም። እሱ ግን ቅጠሉን ተወ እንጂ ነገሩን አልተወም። ሱቁ ገብታ ስትቀመጥ ሰዓቱን ያያል፤ «ብዙ አትቀመጪ፣ መቀመጥ አይበጅሽም» ይላታል። «እንዴት ነሽ?» የሚባለው ነገር ከመካከላቸው ጠፋ።

እሷም ለእሱ ስትል ፈገግ ብላ ትራመዳለች፤ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትወድቃለች። ይህን አላየም። ቢያየውም አንድ መላ ይፈልግለት ነበር እንጂ ምን ያደርጋል?

ርዕሰ መምህሩ ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ ሽኝት አዘጋጁ፤ እሱንም ጋበዘችው። ቀጭን ቁራጭ ኬክ ሰጧት። ለወጉ አንድ ጊዜ ልትቀምስ ሹካዋን ስታነሳ አይቸግሬ ሳህኑን ከእጇ ቀማት።

«እሷ አትበላም፤ ጉበቷ ስብ ነው!»

አንዱ መምህር፣ ለቀልድ ይሁን ለክፋት እንጃ፣ «እኛ ደግሞ ከውሃ ሌላ የማትጠጣ መስሎን!» አለና ተሳቀ። እሷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። አልሆነላትም።

ደጅ ላይ ደረሰባት።

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የጨነቀኝ፤ ክፉ ብትሆን እጣላህ ነበር።» ግድግዳውን ተደገፈች። «አንተ ዘንድ የምመጣው ለማረፍ ነበር። አሁን አንተም አንድ ሥራ ሆንክብኝ። ስታየኝ የምታየው ጉበቴን ነው። ተወኝ፣ በናትህ። ደክሞኛል።»

ሄደች። ከዚያ በኋላ ዳገቱን በሌላ መንገድ መውጣት ጀመረች፤ ያኛው መንገድ ደግሞ የበለጠ ቁልቁለትና ዳገት የበዛበት ነው።

አይቸግሬ ሰነበተና ከሰውነት ተራ ወጣ። ሶፋ ይጀምራል፣ ይተዋል። እናቱ ምግቡ እንደ ቀረበ ሲነሳ ስታይ አንድ ቀን «ያቺ ሰነፍ እንዲህ አደረገችህ?» አለችው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት፤ ድካሙን፣ ኬኩን፣ ሳቁን። እናትየው ስትሰማ የያዘችው መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ። ሳታነሳው ከልጇ አጠገብ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ሲያያት ደነገጠ።

«አባትህ የታመመ ጊዜ» አለች፣ «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ሾርባ አፈላለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ። ‹እስቲ ቁጭ በይ› ይለኛል፣ ‹መጣሁ፣ መጣሁ› እለዋለሁ። ብቀመጥ መሞቱን መቀበል ይመስለኝ ነበር። ሳልቀመጥ ሞተ። እኔም ሳልቀመጥለት ቀረሁ፣ ልጄ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ልጅቷንም ያለ ስሟ ስም ሰጠኋት።»

የቀጠሮዋን ቀን ያውቀዋል፤ ቀኑን ሊያስታውሳት ቀድሞ ራሱ ነው ቃል የገባላት። ሆስፒታል ሄዶ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ፣ የላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ጠበቃት። ስትወጣ አየችው፤ አልሸሸችም፣ ሰላምም አላለችውም። አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?» ሊል ነበር። ምላሱን ነከሰ። በአገናኝ መንገዱ አልጋ እየተገፋ አለፈ፤ ነርሷ ስም ጠራች፤ ሰው ተነሳ፣ ሰው ተቀመጠ። እሱ ዝም አለ። ዝምታ እንዲህ የሚከብድ አይመስለውም ነበር።

«ያው ነው አለ» አለች በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ሄጄ፣ ያን ሁሉ ትቼ፣ ያው ነው። አልባሰም፣ አልተሻለም። ‹ቀጥይ› አለኝ።»

አይቸግሬ ሊያጽናናት ቃል ፈለገ። ያገኘው እንባ ብቻ ነበር። ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ግን አሳበቀበት። እሷ የተዘለለውን ወንበር አልፋ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እንደዚያ ሆነው ቆዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ስለ ምግብ አይደለም።»

«ጠይቀኝ።»

«ታገቢኛለሽ?»

ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። «ዛሬ ይህን ለመመለስ አቅም የለኝም። ነገ ጠይቀኝ።»

በማግስቱም ደክሟት ነበርና አልጠየቃትም። የጠየቃት ቅዳሜ ነው፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ።

«ሳልድን ብቀርስ?» አለችው። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ደክሞኝ ብኖርስ? የባሰ ቢመጣስ? ያኔ ምን ታደርጋለህ?»

አይቸግሬ ወደ መሬት አየ። እጆቹን አየ። የሙጫ ቅሪት የደረቀባቸው፣ የማይጠግኑት ነገር የለም የሚባልላቸው እጆች ናቸው።

«አላውቅም» አላት።

«እንግዲያውስ እሺ» አለች።