ከስድሳ የማያልፈው መኪና

የሚልዮን ደም ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ደርቋል። ዝንቦቹ ሁለቱን አልለዩም። ሬሳው ትላንት ማታ ተነስቷል፤ ጭንቅላቱን የሰበረው የጎማ መፍቻ በናፍጣ ተወልውሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ሰልሰቢል አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ለኢንሹራንስ ድርጅት የመኪና አደጋ የምትመረምር ሴት ናት። ጠዋት ጋራዡ ወዳለበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የጠራት የሱዳን ፖሊስ ሃምሳ አለቃው ሻዊሽ ሀሰን ነው፤ የሐበሻ ጉዳይ ሲገጥመው የምታስተረጉምለት እሷ ናት።

«እንድታስተረጉሚልኝ ብቻ ነው የምፈልገው። ገዳዩ ተይዟል» አላት።

የተያዘው የሚኒባስ ሾፌሩ ጀምበሬ ነው፤ እጁ ታስሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሚልዮን የፍጥነት መገደቢያ ሳጥን ገጣሚ ነበር። ጀምበሬ በቀደም ሳጥኑን ከመኪናው ነቅሎ እግሩ ስር ወርውሮለታል።

«ምን ብለኸው ነበር?» አለችው ሰልሰቢል።

«እግሬን የማዘው እኔ ነኝ፣ ሳጥን አያዘኝም ነው ያልኩት። ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትቆጣጠረኝም።»

«ትላንት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት እስከ ፀሐይ መግቢያው መግሪብ የት ነበርክ?»

«ኦምዱርማን፣ ጎማ ስፈልግ። ገበያው ሁሉ አይቶኛል፤ የሚያስታውሰኝ ግን የለም።»

«እንዲህ ያለው መሰቀል ነው ያለበት» አለ የጋራዡና የሚኒባሶቹ ባለቤት ገብረየስ። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባል ነው፤ መኪኖቹን ሁሉ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ላይ ያስገደበው እሱ ነው። «ነፃነት እያሉ ሰው ይፈጃሉ። እኔ የራሴን ፒክአፕ ሳይቀር አስገድቤያለሁ፣ ልጄ። ያኔ ፋጤ ስትሞት ከእስር ያዳነኝም ሳጥኑ ነው።»

ፋጤ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አምና የመደኒ መንገድ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ እየበረረ ገጭቷት አመለጠ። ሀሰን ገብረየስን ጠርጥሮ ይዞት ነበር፤ ሳጥኑን ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ ለቀቀው። እህቷ ሉጥፊያ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። የሚልዮንን ሬሳ ያገኘችውም እሷ ናት።

«ከዐስር በኋላ ሻይ ወሰድኩለት። ስኳር ጨምሪ አለኝ» አለች ሉጥፊያ። «ከዚያ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፣ ወረፋ ያዘኝ። መግሪብ ሲጠራ ብርጭቆዬን ልወስድ ስገባ ወድቆ አገኘሁት።»

«እርስዎስ፣ ጋሽ ገብረየስ?»

«መደኒ ነበርኩ፣ ከዚህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ዐስር ሲጠራ ተነሳሁ፣ በስድሳ እየተጎተትኩ ከመሸ፣ ኢሻ ሶላት ላይ ደረስኩ። ፖሊስ በሩን ይጠብቅ ነበር። ሙስዐብን ጠይቂው።»

ሙስዐብ ሌላው ሾፌሩ ነው። «ወላሂ እውነቱን ነው። መደኒ መናኸሪያ ሰው ስጭን አልፎኝ ወጣ። ጋሼ፣ የሳጥንህ መብራት ጠፍቷል ብዬ ጮህኩለት፤ እጁን አውለበለበልኝ።»

«አንተስ መቼ ገባህ?»

«ከኢሻ በኋላ። በዚህ ኤሊ ማን ቀድሞ ይገባል?»

ሰልሰቢል ኤሊ የተባለውን ሚኒባስ በር ከፈተች። ከነዳጁ ፔዳል ስር ያለው ምንጣፍ ተበልቶ ብረቱ ይታያል።

«ሳጥን ያለው ሁሉ እንደዚህ ነው» አለ ሙስዐብ። «ጥርቅም አድርጌ እረግጣለሁ፣ ሳጥኑ ይይዝልኛል። እግሬ እዚያው ይተኛል።»

ከዚያ ወደ ነጩ ፒክአፕ ሄደች። ሳጥኑ በእርሳስ ታሽጓል፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ጎንበስ ብላ ፔዳሎቹን አየች። ስትመለስ የሚያስጠላ ነገር የነካች ይመስል እጇን ትጠርግ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ አስጠራች።

«ሻዊሽ፣ ሚልዮን ሳጥን የሚያሽግበት ፒንሳ የት ነው?»

«ቀበቶው ላይ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ከሬሳው ጋር ወስደነዋል።»

«ጋሽ ገብረየስ፣ ሌላ አለ?»

«የለም። እንዳይጭበረበር አንድ ብቻ ነው ያስመጣሁት።»

«መደኒ ላይ ጠፍቶ የነበረው መብራትዎ አሁን ይበራል። ማሸጊያውም አዲስ ነው፣ አቧራ እንኳ አልነካውም። እርስዎ ኢሻ ላይ ከደረሱ ፒንሳው ከሬሳው ጋር ቀድሞ ሄዷል። ታዲያ ማን አሸገው? ሚልዮን በሕይወት እያለ እዚህ ነበሩ፣ ከዚያ ወጥተው ኢሻ ላይ ተመልሰው ገቡ ማለት ነው።»

ገብረየስ ሳቀ። «በስድሳ? በምን ክንፍ?»

«የሙስዐብ ምንጣፍ ተበስቷል፤ የእርስዎ ገና አዲስ ነው።»

«በስሱ ነው የምነዳው። ሽማግሌ ነኝ።»

«የፍሬኑን ፔዳል ጎማ ማን ላጠው ታዲያ? በስሱ የሚነዳ ሰው እንዲያ አይረግጥም። ሻዊሽ፣ ሳጥኑን ክፈተው።»

ሀሰን እርሳሱን ቆርጦ ክዳኑን አነሳ። አንድ አምፖል፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ፤ የቀረው አሸዋ ነው። ወንበሩ ላይና ጠጋ ብሎ የቆመው ገብረየስ ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

«ክብደት እንዲኖረው ነው» አለች ሰልሰቢል። ከዚህ በኋላ አላከበረችውም። «ይህን ሚልዮን አልገጠመውም። አንተ አምፖሉን ብቻ እንዲቀይርልህ ሰጠኸው፤ እሱ ውስጡን አየ። ሳጥኑ ፍጥነት እንደማይገድብ ሲያውቅ ፋጤን ማን እንደገደላት ገባው። አሽጎ የመለሰልህ ፖሊስ እስኪመጣ አሸዋውን እንዳትደፋው ነው። ፖሊስ እንደሚጠራ ሲነግርህ ነው መፍቻውን ያነሳኸው።»

ገብረየስ ሱሪው ላይ የፈሰሰውን አሸዋ አራገፈ።

«የሾፌሮቹ ሳጥን እውነተኛ ነው። ለነሱ ያስፈልጋቸዋል» አለ። «እኔ መንዳት አውቃለሁ።»

«ዓመት ሙሉ ሻይ ቀድቼልሃለሁ» አለች ሉጥፊያ።

ሀሰን ካቴናውን ከጀምበሬ ፈትቶ ለገብረየስ አጠለቀለት። የሉጥፊያን ፊት አላየም።

ጀምበሬ አንጓውን እያሸ ፈገግ አለ። «አየሽ እህቴ? ሳጥን አያዘኝም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ውሸት ነው።»

«የዋሸው ሳጥኑ አይደለም። ያንተን መልሰህ አስገጥም።»

«ማን ይገጥምልኛል?»

ከአፉ ካወጣው በኋላ ሲሚንቶው ላይ የደረቀውን የሚልዮን ጥቁር ደም አየ። ከዚያ ሚኒባሱን አስነሳና በሩን እንዳለፈ ነዳጁን ጥርቅም አድርጎ ረገጠው። አቧራው ተመልሶ የሉጥፊያ ብርጭቆዎች ላይ፣ ከዚያም ደሙ ላይ አረፈ።

ሰልሰቢል ሻርፗን እንደገና አፍንጫዋ ላይ አደረገች።