ያልተጠየቁት እናቶች

ረህኑማ የምትሠራበት ግብረ ሰናይ ድርጅት ባንግላዴሽ ውስጥ በጃሙና ወንዝ ደሴቶች የሚኖሩ ሴት ልጆችን ጠዋት በጀልባ እየሰበሰበ ያስተምር፣ ከሰዓት በኋላም ወደየቤታቸው ይመልስ ነበር። ሃያ ዓመት የቆየውን የድርጅቱን ስምና አርማ የማደሱን ሥራ እንድትመራ በተሾመች ጊዜ ደስታዋን አልቻለችውም። ስምንት ወር ሙሉ ዋና ከተማው ዳካ ካለው ቢሮ ሳትወጣ ደከመች። አዲስ ስም አወጣች፤ ቀዮቹ ጀልባዎችም ግራጫ ተቀብተው፣ ስሙ ብቻ በቀጭን ፊደል እንዲጻፍባቸው ወሰነች።

የደሴቶቹ አስተማሪ ጆይናል ይህን ሲሰማ ደወለላት።

«አፓ፣ እህቴ፣ እናቶቹ እኮ ፊደል አልቆጠሩም። የሚያውቁት ቀዩን ጀልባ ነው። መጥተሽ ብታማክሪያቸውስ?»

«ስለ ቀለም?» ብላ ሳቀች። «ጆይናል ባይ፣ ወንድሜ፣ ይለምዱታል። ማስታወቂያ እንልካለን።»

«ማን ሊያነበው?»

«ልጆቹ ያንብቡላቸዋ!»

ጆይናል የቻለውን ያህል ዞሮ ስለ ለውጡ ለእናቶቹ ተናገረ። ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ግን ጎርፉ አላሳልፍ አለው።

በዚያ ሰሞን «ከተማ ሥራ እናስገባችኋለን» እያሉ ልጃገረዶችን በጀልባ የሚወስዱ አታላዮች ወሬ አገሩን አምሶት ነበር። ግራጫዋ ጀልባ አዲስ የተቀጠረ ነጂ ይዛ ስትጠጋ እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲትም ልጅ አልተሳፈረችም። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ላባኒም ቤት ዋለች። አባቷ ትምህርት ቤቱ የተዘጋ መሰለውና ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ዳራት።

ረህኑማ ይህን ስትሰማ ከዳካ ተነሣች። በማግስቱ እነላባኒ የሚኖሩበት ደሴት ላይ ደረሰች። የላባኒ እናት ሞርጂና ያሰጣችውን በርበሬ እያገላበጠች ቀና እንኳ አላለችም።

«አንቺ ነሽ ያስቀባሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ኻላ፣ አክስቴ። ለደግ ብዬ ነበር... ይቅርታ።»

«ይቅርታሽን ለልጄ ንገሪያት። ባሌ ‹ከእንግዲህ ምን ትጠብቃለች?› ሲለኝ ምን ልበለው? ፊደል ባልቆጥርም አፍ አለኝ እኮ! ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ረህኑማ ወንዙን ተሻገረች። ላባኒ ራሷን ተከናንባ ወጣች፤ አማቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«አፓ፣ ጀልባችንን ሸጣችኋት እንዴ?» አለች ልጅቷ።

ረህኑማ ወደ አማቲቱ ዞረች። ላባኒ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ለመነቻት፤ ሴትዮዋ ግን «የእኛ ቤት ምራት ናት» ብላ በሩን ዘጋች።

ዳካ ስትመለስ አለቆቿ አዲሱን አርማ እያወደሱ ሊሸልሟት ተዘጋጅተው ጠበቋት። ሽልማቱን አልቀበልም አለች። በእነሱው ፊት ጥፋቷን አንድ በአንድ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ድረስ ሄዳ፣ ከእናቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሳትመክር አንድ ነገር አትለውጥም። ጀልባዎቹ ዳግም ቀይ ሲቀቡ ሌሎቹ ልጆች ወደ ትምህርታቸው ተመልሰዋል። ላባኒ ግን ዛሬ የልጅ እናት ናት።

ወገኖቼ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ረህኑማ እነዚያን እናቶች የናቀቻቸው አይመስላትም ነበር፤ አልጠየቀቻቸውም እንጂ። ለሰው ደግ እንሠራለን የምንል ሁሉ ይህን እንወቅ፦ ባለጉዳዩን አለመጠየቅም ንቀት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።